ውሻው የማን ነው? የሚሸጥ ቤትና የጎረቤት ውሻ በመራዊና በአካባቢዋ

በጎጃም ገጠር እንግዳ ሰው ደጅ ሲደርስ ከሰላምታው በፊት «ቤቶች! ውሻ ያዙ!» ብሎ ይጣራል። ዱላውን ወደ ፊት አድርጎ ይቆማል። ከውስጥ አንድ ልጅ ሮጦ ይወጣና የውሻውን አንገት ይይዛል፤ «ደኅና ዋላችሁ» የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ልማድ የቆመው ውሻውን የሚይዝ ሰው አለ በሚል እምነት ላይ ነው። ቤት ሊገዛ መራዊ የገባ ሰው ግን የሚያንኳኳው በር ሌላ፣ የሚጮኽበት ውሻ ሌላ ይሆንበታል። ደላላው የሚሸጠውን ቤት በር ሲመታ ከአጥሩ ማዶ ዘሎ የሚነሣው የጎረቤት ውሻ ነው። ሻጩ አይይዘውም፤ ውሻው የእሱ አይደለም። ጎረቤቱም አይወጣም፤ እንግዳው የእሱ አይደለም። ገዢው በሁለቱ መካከል መንገድ ላይ ቆሞ ይቀራል።

ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው «ውሻ የቤት ዋጋ ይቀንሳል ወይስ አይቀንስም?» ተብሎ ነው። ከሻጭም፣ ከገዢም፣ ከሕግም፣ ከጤናም በኩል ነገሩን ሳየው ጥያቄው በዚህ መንገድ መልስ የለውም። የሚያንቀላፋም የሚጮኽም ውሻ ያለበት ሰፈር ቤት ይሸጣል። ሽያጭ የሚያበላሸው «የማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ሁሉም ትከሻውን የሚነቀንቅለት ውሻ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ነገሮች ሁሉ ዞረው ዞረው እዚህ ላይ ይገናኛሉ።

መራዊ ከባሕር ዳር በዳንግላና በቡሬ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ በሚሄደው አስፋልት ላይ፣ ከባሕር ዳር 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የሰሜን ሜጫ ወረዳ ከተማ ናት። አጠገቧ ያለው የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ የተሠራ ነው። ከተማዋ እንደ ቡሬና እንደ ፍኖተ ሰላም ሁሉ ወደ እርሻው እየሰፋች ነው። በቆሎ ይበቅልበት የነበረው ዳር ካስማ ተተክሎበት፣ ቦታ ተመርቶበት፣ ብሎኬት ተከምሮበታል። የጥንቱ ገበሬ ግን ጎጆው ባለበት ቆይቷል፤ ውሻውም አብሮት አለ። ይህ ውሻ የተቀጠረው በረት ከሚሰብር ጅብ፣ ጠቦት ከሚነጥቅ ቀበሮ፣ በቆሎ ከሚያወድም ጦጣ ሊጠብቅ ነበር። በገጠር ቤትና ቤት ይራራቃል፤ ሌሊት በአጠገቡ የሚያልፍ ሁሉ ሊያስጮኸው ይገባ ነበር። ዛሬ በዚያው አጥር ሥር ተማሪ ያልፋል፣ ባጃጅ ያልፋል፣ ከጸሎት የሚመለስ ሰው ያልፋል። ውሻው የተማረውን ሥራ እየሠራ ነው፤ የተለወጠው ሰፈሩ ነው። አዲስ የመጡት ነዋሪዎች በዚህ ሲማረሩ ስሰማ ከገበሬውም ከውሻውም ጋር አዝናለሁ።

የገጠሩ ጉዳይ ከከተማው የሚለየው በአንድ መሠረታዊ ነገር ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ የአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 የተመሠረተውም በዚሁ ላይ ነው። ገበሬ ያወርሳል፣ ያከራያል እንጂ ይዞታውን አውጥቶ ለገበያ አያቀርብም። ጎረቤቱ በልጅ ልጁም ዘመን ጎረቤቱ ነው፤ የጎረቤቱን ውሻ ከቡችላነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፣ ውሻውም ያውቀዋል። ቤት ተሽጦ ባዕድ ሰው አጥር ተጋርቶ የሚገባው ከተማ ውስጥ ነው፤ ችግሩም የሚጀምረው እዚያ ነው። ከተማም ቢሆን የሚሸጠው ቤቱና በመሬቱ ላይ የተሠራው ነው፤ መሬቱ ይዞታ ነው። ገዢ ግን ሲከፍል ልቡ ውስጥ ያለው ቆርቆሮውና ግድግዳው ብቻ አይደለም። ሰላማዊ ሌሊትና ልጁ ተልኮ የሚመለስበትን መንገድም አብሮ እየገዛ ነው።

ገዢው ሁሉ ደግሞ አንድ ጆሮ የለውም። ልጆቹን ከተማ ሊያስተምር ከገጠር ወርዶ ቤት የሚፈልግ ገበሬ የውሻ ጩኸት አያስደነግጠውም፤ እንዲያውም ውሻ የማይጮኽበት ሰፈር የሞተ ይመስለዋል። እህል የሚያከማች ነጋዴ የጎረቤቱ ውሻ ኃይለኛ መሆኑን ሲሰማ ደስ ሊለው ይችላል፤ ሌላ ሰው የሚመግበው ዘበኛ አገኘ ማለት ነው። ትንንሽ ልጆች ያሏት አስተማሪ ወይም ነርስ ግን ያንኑ ጩኸት ስትሰማ የምታስበው ልጇ ጠዋት ቦርሳውን አዝሎ በዚያ በር ፊት ስለማለፉ ነው። የምሽት ተረኛ ሠራተኛም ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ወደ ቤት ሲመለስ የሚጠብቀውን ያስባል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልሉ በገባበት ጦርነት ደግሞ ሌሊት ውሻ ሲጮኽ ሰው ሁሉ በአልጋው ላይ እንደተቀመጠ የሚያደምጠው ጅቡን ብቻ አይደለም። ስለዚህ ያው አንድ ውሻ ለአንዱ ዋጋ ይጨምራል፣ ለሌላው ይቀንሳል። ለሁሉም የሚሠራ ቅናሽ በመቶኛ አስልቶ የሚናገር ደላላ ቢኖር ባላምነው ይሻለኛል።

ውሻ ሰፈርን ከሌባ ይጠብቃል የሚለውን ሐሳብ ከአገራችን ውጭ ያጠኑት አሉ። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኮሎምበስ በተባለችው የአሜሪካ ከተማ ሠርተው በ2014 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ ውሻ ያላቸው ቤተሰቦች በበዙበት ሰፈር የንብረት ስርቆት አነስተኛ ሆኖ አግኝተዋል። ዝርፊያና ግድያን በተመለከተ ግን ውሻ የጠቀመው ጎረቤቶች እርስ በርሳቸው በሚተማመኑበት ሰፈር ነው። ያቀረቡት ምክንያት ደስ ይላል፤ ሰው ውሻውን ይዞ መንገድ ላይ ሲዘዋወር ዓይን ይበዛል። በመራዊ ውሻ ይዞ የሚንሸራሸር ሰው የለም ለማለት ይቻላል። ውሻችን በቀን በግቢ ይታሰራል ወይም በራሱ ይዞራል። ስለዚህ የእነርሱን ውጤት ቀድተን መጠቀም አንችልም። መተማመን በሌለበት ሰፈር ውሻ ብቻውን ዝርፊያን በመከላከል ብዙ አይፈይድም የሚለው ክፍል ግን ለእኛም የሚሆን ይመስለኛል። በእኛ አገር ያንን መተማመን የሚሸከመው እድሩና የቡና ማኅበሩ ነው።

አሁን ወደ ሽያጩ ልመለስ። ቤት የሚያሳይ ደላላ ሰዓት ይመርጣል። በቀትር፣ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ፀሐዩ ሲበረታ ውሻ ጥላ ሥር ተዘርግቶ ይተኛል፤ ሰፈሩም ጸጥ ይላል። ያኔ ያየ ገዢ ያየው ግማሹን ነው። ልምድ ያላቸው ሰዎች ቀብድ ከመክፈላቸው በፊት ብቻቸውን ይመለሳሉ፤ አንድ ጊዜ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ አንድ ጊዜ ንጋት 11 ሰዓት ላይ። ማዕዘን ላይ ካለው ሱቅ ሳሙና ይገዙና «እዚህ ሰፈር ውሻ ያስቸግራል እንዴ?» ብለው እንደ ዋዛ ይጠይቃሉ። ባለሱቁ «የአያ እገሌ ውሻ ነው፤ ይታሰራል፣ ምንም አይል» ካለ ነገሩ አለቀ። «ኧረ የማንም አይደለም፤ ከየት እንደመጡም አናውቅ» ካለ ግን ገዢው ወደ ኪሱ የከተተውን እጁን ባዶውን ያወጣዋል። ቀብድ ቀላል ነገር አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ከፋዩ ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ከተወ እጥፉን ይመልሳል። ሁለት ቀን ዞሮ ማየት ከዚያ በጣም ይረክሳል።

ሻጭስ ምን ያደርጋል? ከሥጋ ቤት አጥንት አምጥቶ የጎረቤቱን ውሻ የሚያባብል አለ። ወደ ጎረቤቱ ሄዶ «እትዬ፣ ቤት የሚያዩ ሰዎች ይመጣሉና ለዛሬ እሰሩልኝ» የሚል አለ። ይህ ልመና ያለ ነውር የሚቀርብ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ውሻ ይያዛልና። ነውሩ የሚጀምረው ለአንድ ቀን የታሰረውን ውሻ «እነሱ ሁልጊዜ ያስሩታል» ብሎ ለገዢ ሲነገር ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1704 ባይታለል ኖሮ ባልተዋዋለ ነበር በሚባል ሰው ላይ የተፈጸመ ማታለል ውሉን እንደሚያፈርስ ይደነግጋል። በጎረቤት ውሻ ምክንያት ፍርድ ቤት ድረስ መሄድ ሩቅ መንገድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን በውሸት ላይ የተገዛ ቤት ሻጩ ከሄደ በኋላ የሚያጣላው ገዢውንና ምንም ያላጠፋውን ጎረቤት ነው። በእንግሊዝ አገር ቤት ሻጭ ከጎረቤት ጋር ጠብ ወይም አቤቱታ የነበረው መሆኑን በጽሑፍ ሞልቶ ለገዢ የሚሰጥበት የተለመደ ቅጽ አለ፤ የውሻ ጩኸትም እዚያ ሊገባ ይችላል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ቅጽ የለም። በእኛ ልማድ ያንን ቦታ ሊሞሉ የሚገባቸው በውሉ ላይ የሚፈርሙት ምስክሮች ናቸው፤ የሰፈሩን ነገር የሚያውቁ ናቸውና።

መርዝን በተመለከተ ግን ማለዘብ አልፈልግም። ቤቱን ለመሸጥ ሲል ለጎረቤቱ ውሻ መርዝ የሚጥል ሰው ካለ ወንጀለኛ ነው። መርዙን የሚበላው የታሰበው ውሻ ብቻ አይደለም፤ ሌላ ውሻ፣ ድመት፣ ዶሮ፣ አልፎም መሬት ላይ ያገኘውን ወደ አፉ የሚያስገባ ሕፃን ሊያገኘው ይችላል። ከተሞቻችንም ባለቤት አልባ ውሾችን ለመቀነስ ሲያስቡ ለብዙ ዘመን እጃቸው የሚሄደው ወደ መርዝ ነበር። ውሾቹ ሲያልቁ ለጥቂት ሳምንት ጸጥታ ይሆናል። ምግቡ ግን ባለበት ስለሚቀር ከሌላ ሰፈር ሌሎች ይመጣሉ፤ ያልተከተቡ፣ ሰፈሩን የማያውቁ፣ ማንም የማያውቃቸው። ከሞቱት ውሾች መካከል የታወቁትና የተከተቡት ስላሉበት ሰፈሩ ከበፊቱ ይብስበታል።

ምግቡ ብዬአለሁና እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የቤት ዋጋ ሲተመን ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ መብራት ይወራል፤ ስለ ሥጋ ቤት የሚያወራ ግን አልሰማሁም። የውሻ መንጋ ያለበትን ቦታ የሚወስነው ግን አጥንቱና ሆድ ዕቃው የሚጣልበት ቦታ ነው። በውቅሮ አካባቢ ጅቦች ላይ የተሠራ አንድ ጥናት፣ በዐቢይ ጾም ጊዜ የእርድ ቅሪት ሲጠፋ ጅቦቹ አህያ የሚበሉበት መጠን ከእጥፍ በላይ እንደሚያድግ አሳይቷል። ጾሙ 55 ቀን ነው። ለጅብ የሆነው ለውሻም ሳይሆን አይቀርም፤ በቅበላ ጠግቦ የከረመ ውሻ በጾሙ ጊዜ ከሥጋ ቤቱ ተነሥቶ በየግቢው በር ይበተናል። በየካቲት ወይም በመጋቢት ቤት ያየ ሰውና በሰኔ ያየ ሰው የተለያየ ሰፈር ቢያዩ አይደንቀኝም። ሆድ ዕቃን ለውሻ የመጣል ልማድ ሌላም ጣጣ አለው። በከብት ጉበትና ሳንባ ላይ የሚታየውን ውሃ የቋጠረ ዕጢ የሚያመጣው ጥገኛ ትል በውሻ አንጀት ውስጥ የሚያድግ ነው፤ ውሻው የታመመውን ጉበት በበላ ቁጥር ይታደሳል፣ ከውሻው ዓይነ ምድር ወደ ሰውም ይተላለፋል። በሥጋ ቤት አጠገብ ያለ ቤት ሲረክስ የሚረክሰው በዝንብና በመጥፎ ጠረን ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ሌላው የውሻ ምንጭ ራሳችን ነን። ወንድ ቡችላ ፈላጊ አለው። ሴት ቡችላ ግን «ትወልዳለች» ተብላ በጆንያ ታስራ ወንዝ ዳር ወይም መንገድ ዳር ትጣላለች። ከመካከላቸው የተረፈችው ከዓመት በኋላ በጅምር ቤት ውስጥ ትወልዳለች፤ በየጅምሩ የሚያድጉት ውሾች የእሷ ልጆች ናቸው። መራዊ፣ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ላይ ጅምር ቤት ሞልቷል፤ ግድግዳው ቆሞ ጣሪያው ያልለበሰ፣ ባለቤቱ ሩቅ ያለ። ከእንዲህ ያለ ጅምር አጠገብ ያለ ቤት የሚሸጥ ሰው ከጎረቤቱ ጋር መነጋገር እንኳ አይችልም፤ ጎረቤቱ የለም።

የሁሉ ፍርሃት ሥር ያለው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ እዚህ ላይ የገዢው ስጋት ከጩኸት ጥላቻ እጅግ የጠለቀ መሆኑን ሻጮች ሊረዱለት ይገባል። በዓለም በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ በኢትዮጵያ 2,700 ገደማ። ወደ ሰው ከሚተላለፈው 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት አኃዝ በበሽታው ከተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ለማለት ይቻላል፤ ከምልክቱ በፊት ግን ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ ማጠብና ወዲያው ክትባት መጀመር ያድናል። ትልልቆቻችን የድሮውን ክትባት አይረሱትም፤ ቀን በቀን ሆድ ላይ የሚወጋ፣ ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ ነበር። አዲሱ ክትባት ክንድ ላይ የሚሰጥ፣ በጥቂት መርፌ የሚያልቅ ነው። ችግሩ በየጤና ጣቢያው አለመገኘቱ ነው፤ ከገጠር ቀበሌ የተነከሰ ልጅ ይዞ ወደ ትልቅ ሆስፒታል መጓዝ ለአንድ ቤተሰብ ከባድ ወጪ ነው። ጥቂት የማይባሉትም ክትባቱን ከመፈለጋቸው በፊት ወደ ባህል ሐኪም ይሄዳሉ፤ ያ የጠፋው ቀን ነው የሚያሳዝነኝ።

አሁን «የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ምን ያህል የሕይወት ጉዳይ እንደሆነ ተመልከቱ። ባለቤቱ የታወቀ፣ የተከተበ፣ ጤነኛ ውሻ ከነከሰ ለ10 ቀን አስሮ ማየት ይቻላል፤ በ10ኛው ቀን ጤነኛ ከሆነ በነከሰበት ዕለት በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ባለቤት የሌለው ውሻ ነክሶ ከሄደ ግን የሚታይ ውሻ የለም። ቤተሰቡ የቀረው አንድ ነገር ክትባቱን ፈልጎ ማግኘት ነው፤ እስኪያገኝ ድረስ ያለውን ሌሊት እንዴት እንደሚያድር የሚያውቀው የደረሰበት ሰው ነው። አንድ እናት ይህን አስባ ቤቱን ትታው ብትሄድ ሻጩ «በውሻ ምክንያት!» ብሎ ሊገረም አይገባም።

ሕጉም ባለቤትን ፈልጎ ነው የሚጀምረው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ እንስሳው በድንገት አምልጦ ቢሆንም፣ ጉዳቱ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም። አንቀጽ 2074 ባለቤቱ ጥፋቱ የራሱ ካልሆነ የቤት እንስሳውን ለተጎጂው ለቅቆ ከኃላፊነት ሊወጣ እንደሚችል ይፈቅዳል። ይህ ለበሬ ትርጉም አለው፤ በሬ ዋጋ ያወጣል። ለውሻ ግን ተጎጂው የነከሰውን ውሻ ተረክቦ ምን ያደርገዋል? አንቀጽ 1225 ደግሞ ባለሀብት ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል፤ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስን፣ ሽታንና ጩኸትን ይጠቅሳል። ሌሊቱን ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ የሚጮኽ ውሻ በዚህ ውስጥ ሊገባ እንደሚችል አምናለሁ። በመራዊ ይህን አንቀጽ ይዞ ችሎት የሚቆም ሰው ግን ብዙ አይደለም፤ ሰው የሚሄደው ወደ ሽማግሌ ነው፣ መሄዱም ደግ ነው። ሽማግሌው ውሻው በሌሊት ወደ ጓሮ እንዲዛወር፣ አጥሩ እንዲጠገን፣ ክትባት እንዲሰጠው በአንድ ምሽት ሊያስማማ ይችላል፤ ክስ ግን ዓመት ይፈጃል፣ ቤቱም ዓመት ሳይሸጥ ይቆያል።

የውሻ ክትባት እንደሚሠራ ማስረጃ አለ። ሜክሲኮ ለብዙ ዓመታት ውሾችን በነፃ በዘመቻ ስትከትብ ቆይታ በ2019 እ.ኤ.አ. ከውሻ ወደ ሰው ከሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነፃ መሆኗን የዓለም ጤና ድርጅት አረጋግጦላታል፤ በዚህ መንገድ የመጀመሪያዋ አገር ናት። የሚፈለገው 70 በመቶውን ውሻ መከተብ ነው። አንድ እድር በአባላቱ ግቢ ያሉትን ውሾች ቆጥሮ ከወረዳው የእንስሳት ሐኪም ጋር ቀን ቢቆርጥ ለሰፈሩ በአንድ ጠዋት የሚያልቅ ሥራ ነው። ቤቱን ሊሸጥ ያሰበ ሰው አጥሩን ቀለም ከመቀባቱ በፊት የጎረቤቱን ውሻ የሚያስከትብበትን ወጪ ቢሸፍን፣ ለገዢው «ይህ የአያ እገሌ ውሻ ነው፤ ተከትቧል፣ ወረቀቱም ይኸው» ለማለት ይችላል። ከቀለሙ ይልቅ ይህ ቃል ቤት ይሸጣል ብዬ አምናለሁ።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ጎረቤት ውሻ ነው። የሻጩ የራሱ ውሻስ? የሽያጭ ውል ሲጻፍ ሁሉም ይቆጠራል፤ የክፍሎቹ ብዛት፣ የመብራትና የውሃ ቆጣሪው፣ የቆርቆሮ አጥሩ፣ የጓሮው ጌሾና አቮካዶ ሳይቀር። ውሻው የተጻፈበት ውል አላየሁም። ቤተሰቡ ዕቃውን ጭኖ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ወደ ኮንዶሚኒየም ይሄዳል፤ ለውሻ የሚሆን ቦታ እዚያ የለም። አዲሱ ባለቤት በሩን ቆልፎ የራሱን ቡችላ ያመጣል። የድሮው ውሻ ለስምንት ዓመት የጠበቀው በር ፊት ለፊት፣ መንገዱ ማዶ ይተኛል። ወደ በሩ የሚመጣ ሰው ሲያይ እንደ ልማዱ ተነሥቶ ይጮኻል። ከሁለት ቤት አልፎ ያለው ጎረቤት በሚቀጥለው ዓመት ቤቱን ለመሸጥ ገዢ ሲያመጣ፣ ገዢው ያንን ውሻ በጣቱ እያመለከተ የማን እንደሆነ ይጠይቃል።